ከድንጋይ ሽበት ሐምራዊ ላወጣችው ታየች

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፤ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ቶለሳና ሽማግሌዎቻችን፤ የቀጨኔ እናቶች፤ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከአዲሱ ገበያ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፤ ወንድሜ ቢኒያም፤ ልጄ ሩታ።

ከፍትሐቱ በኋላ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ሙኒያ ነኝ። አዲሱ ገበያ ክር እሸጣለሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ታየች ለቅሶም ሰርግም ስትሄድ ከጎኗ የምታዩዋት ባለ ሻርፕ ሴት እኔ ነኝ። የእናንተን ጸሎት አባቶች አድርሰዋል። የኔን በልቤ አድርሻለሁ። አሁን የቀረኝ ስለ ጓደኛዬ መናገር ነው። እሱን እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ድምፄ ቢቆረጥ ታገሡኝ። ትናንት ጧት እኮ አነጋግሬያታለሁ። ትናንት ጧት! በእግሯ ሄዳ፣ በሰው ትከሻ መጣች። ይኼን ምን ብዬ ልናገረው? በምን አፌ?

ታየች ማን ነበረች? የሸማኔው የቢኒያም ሚስት ናት። የሩታ እናት ናት። ክር አቅላሚ ናት። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይኼን ብቻ ብዬ ብቀመጥ ታዪን አልተናገርኳትም።

እጇን የምታስታውሱ አላችሁ? ድሮ፣ ክር በዱቄት ቀለም ታቀልም በነበረበት ጊዜ? መዳፏ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሎሚ ሲነካት እንባዋ ይመጣ ነበር። ሳሉም አይለቃትም። ሐኪሙ "ይኼን ሥራ ተዪው" አላት። ትታውስ ምን ትሁን? ሌላ ሥራ አታውቅም። ሌላ ሥራም አትወድም። ስለዚህ ተራራ ወጣች። ቅጠል ለቀመች፤ ሥር ቆፈረች፤ ልጣጭ ቀቀለች። ቢጫ አገኘች። ቡናማ አገኘች። አንድ ቀን ደግሞ የድንጋይ ሽበት ይዛ መጣች።

የድንጋይ ሽበትን ሁላችሁም አይታችሁታል። ድንጋይ ላይና ያረጀ ጽድ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው፣ ያ ግራጫ ነገር ነው። አይተን የምናልፈው ነው። ታዪም ቀቅላ ቡናማ ልታወጣበት ነበር ያመጣችው። በባልዲ ዘፈዘፈችና ጓሮ አስቀመጠችው። ጓሮ ደግሞ ለፋሲካ የተገዛ ነጭ በግ ታስሯል።

የዚያን በግ ነገር ያልሰማ አለ? በጉ ባልዲውን ገለበጠው። የፈሰሰው ላይ ተኛ። እዚያው እየተኛ እዚያው ሸና። አባቶች ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ እንዲህ ስለሆነ ነው። ዝናብ ስለነበር ጓሮውን ማንም አላጸዳውም። ሳምንታት አለፉ። በፋሲካ ዋዜማ ቢኒያም በጉን ሊፈታ ሄደና ጮኸ። "ታየች! ነይ! በጉ ታሟል!"

የበጉ ሆድና እግር ሐምራዊ ሆኗል።

ደወለችልኝ። ምን እንደምትል አይገባኝም፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ መጣሁ። ስደርስ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ፣ የበጉን ሆድ በሁለት እጇ ይዛ ታያለች። ቢኒያም ከላይዋ ቆሞ "ይኼ በግ አይበላም" ይላል። "ቢኒ፣ ቀለም ነው" ትለዋለች። "ቀለም ነው እኮ!" ሠፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ያያችሁ መስክሩ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀለም አልታያትም። የድንጋይ ሽበቱን ትወቅጣለች። በትልቅ ጋን፣ የቆየ ሽንት ውስጥ ትዘፈዝፋለች። ጧት ታማስላለች፤ ማታ ታማስላለች። መጀመሪያ ጭቃ ውኃ ነው የሚመስለው። ቆይቶ ይቀላል። አንድ ጧት ክዳኑን ስትከፍተው ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቃታል። እኛ ወይን ጠጅ ስንለው "ሐምራዊ በሉት እንጂ፣ ስሙን አታሳንሱበት" ትለናለች። ጥጥ እምቢ ይለዋል። ሐር ግን ይጠጣዋል። ሐር የምሸጠው ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ ነው ሕይወታችን የተቋጠረው።

አንድ ቀን እንኳ ከድንጋይ ላይ ስትፍቅ አላየኋትም። ነፋስና ዝናብ የጣለውን ነው የምትለቅመው። "ይኼ እኮ የጥፍር ያህል ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጃል፤ እኔ ማነኝና ነው የምልጠው?" ትለኝ ነበር። መዳፏ ዳነ። ሳሉም ተዋት። ሰው ግን አልተዋትም።

ቀጨኔ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ላይ ስም መለጠፍ እንዴት ቀላል እንደሆነ እናውቃለን። ሽታው ወጣ። ወሬው ከሽታው ቀድሞ ወጣ። "ሽንት ትሰበስባለች።" "መተት ነው።" "ጋን ውስጥ ደም አላት።" ደም! ዕድሩ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ቶለሳ፣ እዚህ ቆመዋል፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ወጣላቸው። እሷ ቆማለች፣ ነጠላዋን አደግድጋ።

"ታየች ልጄ፣ የሰው ሽንት ትሰበስቢያለሽ የሚባለው እውነት ነው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ትክዳለች ብለው ነበር የመጡት።

"የማንን?"

"የቢኒያምን። ሲያልቅብኝ ከጎረቤት እለምናለሁ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ታዪ ግን አልሳቀችም። ገብታ አንድ ነዶ ሐር ይዛ ወጣች። "ጋሼ፣ መተት ከሆነ ይኼው መተቴ" አለችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸው ብድግ አደረጉት። ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ወደ ጥላ አዞሩት። ከዚያ "ጋኑን ግቢው ጫፍ፣ ወደ ወንዙ አውርጂው፤ ደህና ክዳን ግጠሚለት" ብለው ተነሡ። ፍርዱ ይኼው ነበር። በማግስቱ ከጋሽ ቶለሳ ቤት አንድ ጀሪካን መጣላት። ውስጡ ምን እንደነበር አልናገርም። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኼን ሳልናገር ብቀር ግን ታዪ ትቀየመኛለች።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ሩትዬ፣ ይኼን ላንሳው ወይ ብዬ ዛሬ ጧት ጠይቄሻለሁ። "አንሺው እትዬ፣ ሁሉም ይስማ" ብለሽኛል።

ሩታ ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። ልጅ ናት። የክፍሏ ልጆች አፍንጫቸውን እየያዙ ስም አወጡላት። ስሙን እዚህ አልጠራውም። ከእሷ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ለእናቷ አልነገረቻትም። ያዘችው፣ ያዘችው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባችና ቦርሳዋን ወርውራ ቀጥታ ወደ ጋኑ ሄደች። እኔና ታዪ በረንዳ ላይ ክር እንፈታ ነበር። ምን ልታደርግ እንደሆነ እስኪገባን ጋኑን ገፋችው። ተሰበረ። የሳምንታት ሥራ፣ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ቁልቁለቱ ቦይ ገባ።

የኛን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁለቱን። ቦዩ ሐምራዊ ሆኖ በየሰው ደጃፍ ወረደ። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቆመው ቀሩ። ሩታ እጇ እስከ ክርኗ ሐምራዊ ሆኖ ቆማለች። ታዪ ትመታታለች ብዬ ልይዛት ተነሣሁ።

አልመታቻትም። ልጇ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ሁለቱም ቁልቁል ያያሉ።

"አየሽው ሩታ?" አለቻት። "ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያምር አየሽው?"

ይኼን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ቀን ከዚያ በኋላ በአፏ አላነሳችውም። ሩታም አላነሳችውም። ልጅቱ አደገች፤ ነርስ ሆነች፤ አዳማ ሥራ ያዘች። ለበዓል ትመጣለች፤ ታበስላለች፤ ታጥባለች፤ ጓሮ ግን አትወርድም። ታዪም ነይ አትላትም። እናትና ልጅ ናቸው፤ ይዋደዳሉ፤ በመሃላቸው ግን ያ ጓሮ አለ። ስንት ጊዜ ሱቄ መጥታ "ዛሬም አልወረደችም" ብላኛለች!

ሌላም ሐዘን ነበራት። ይኼ ሐምራዊ ፀሐይ አይችልም። መጀመሪያ አላወቀችም ነበር። አንዲት ሙሽራ የሰርግ ነጠላዋን ይዛ መጣች። መስኮት ዳር ሰቅላው ጥለቱ በአንድ ወገን አመድ መስሏል። ታዪ ያን ጥለት እያየች እንደ ልጅ አለቀሰች። ፈትታ አዲስ ሠራችላት። ከዚያ ወዲያ ማንም ይምጣ፣ ዕቃውን ከማሳየቷ በፊት "ይለቃል። ፀሐይ አታሳዩት። ይኼን አውቃችሁ ውሰዱ" ትላለች። ሰምቶ የሚሄድ ሄደ። የሚወስድ ወሰደ። ታዪ እንዲህ ነበረች። ያያችሁ መስክሩ።

በዚህ ዓመት ፋሲካ ማግሥት፣ ገና ሱቄን ስከፍት ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋ እንኳ የቤት ነው፤ እንዲሁ ሮጣ መጥታለች። "ታዪ፣ ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ እንዴ?" አልኳት።

"ጠየቀችኝ" አለች።

"ማን? ምን?"

"ሩታ። ሰርጓ ጥር ላይ ነው። 'እማ፣ የቀሚሴ ጥለት ያንቺ ሐምራዊ ይሁንልኝ' አለችኝ። ደግሞ ጓሮ ወረደች ሙኒያ። ክዳኑን ከፍታ አየችው።"

ሁለታችንም ሱቁ በር ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ገበያተኛው ለቅሶ የደረሰን መስሎት "ነፍስ ይማር" እያለ ያልፋል። እኛ እንስቃለን። አይ ታዪ! ነፍስ ይማር የሚባልበት ቀን ይኼን ያህል ቅርብ ነበር?

አሁን ወደ ትናንት ልመጣ ነው። ያዙኝ።

ትናንት እሷ የሄደችው ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ የጽዱ ዛፎች ወዳሉበት ነው። ድንጋዩ በዝናብ ሙልጭልጭ ብሏል። አዳልጧት ወደቀች። ያገኟት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። እዚህ መጥተዋል፤ ከኋላ ቆመዋል። ሙሉ፣ ወደ ፊት ነይ እስቲ፤ ሰው ይይሽ። እነዚህ እናቶች የለፉበትን እንጨት ገደል ጥለው፣ እንጨት የሚያስሩበትን ጨርቅ አንጥፈው፣ ጓደኛዬን ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወረዷት። ሙሉ እንደነገረችኝ፣ ታዪ መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ምን አለች መሰላችሁ?

"እንጨታችሁን ጣላችሁት? በኔ ምክንያት?"

ሙሉም "ዝም በዪ እህቴ፣ እንጨት ሞልቷል" አለቻት።

እናቶቼ፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። እኔ አልችልም።

ሆስፒታል ስንደርስ ታውቀን ነበር። የቢኒያምን እጅ ያዘች። "ለሩታ ደውሉላት፤ ግን አታስደንግጧት" አለች። ሩታ ከአዳማ እየበረረች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አልቆ ነበር። በሩ ላይ! ከእናቷ እጅ ሙቀቱ ገና አልወጣም ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሩታ አንድ ነገር ብቻ ትላለች። ድንኳን ውስጥ የነበራችሁ ሰምታችኋል። "ሐምራዊ ይሁንልኝ ባልላት ኖሮ! ለኔ ጥለት ብላ ወጥታ! እኔ ነኝ የገደልኳት!" ትላለች። እናቶች "ተይ፣ አይባልም" ብለው ለመኗት። አልሰማችም። ቢኒያምም ሊያጽናናት አልቻለም፤ እሱም ልቡ ውስጥ እንደዚያው መስሎታል። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለሌላ አይደለም። ለዚህ ነው።

ሩታ፣ ቀና በዪ። እዪኝ። ቢኒያም፣ አንተም ስማ።

ያንቺ ክር አልቋል። ሰኔ ላይ ነው ያለቀው። እንዲህ ያለ ሐምራዊ ሠርታ አታውቅም። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ሱቄ አምጥታ አስቀመጠችው። "እቤት ካለ ቢኒያም ያየዋል። ካየው ደግሞ በስልክ ይነግራታል። እሱ ምስጢር አይችልም" ብላኝ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሱቄ ነው ያለው። ትናንት አንቺ ከእናትሽ የምትፈልጊው አንድ ዘለላ ክር አልቀረሽም ነበር።

ታዲያ ለምን ወጣች? እኔም ትናንት ጧት ይኼንኑ ነው የጠየቅኳት። በሱቄ በር ስታልፍ ከረጢቷን በትከሻዋ አንጠልጥላለች፤ ቦቲ ጫማ አድርጋለች። "ታዪ፣ በዚህ ጭቃ ወዴት ነው? የሩታ እንደሆነ አልቋል" አልኳት።

"አልቋል" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ልትሠሪ?"

ሳቀች። ሰማዩን አሳየችኝ። ስንት ቀን ሙሉ ዘንቦ፣ ትናንት ጧት ፀሐይ ወጥታ አልነበር? "ምን እሠራለሁ? ደስ አለኝ በቃ። ነፋሱ ብዙ ሳይጥል አልቀረም። ዐየት አድርጌው እመለሳለሁ። ለከሰዓቱ ቅዳሴ እደርሳለሁ" አለችኝ።

የሰማሁት ይኼን ነው። አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ስትሄድ ከጀርባዋ አየኋት። እንደ ኮረዳ ነው የምትራመደው። ሩትዬ፣ እናትሽ አንቺ ልከሻት አልወጣችም። ማንም አልላካትም። ደስ ብሏት ነው የወጣችው። ያን ተራራ ስለምትወደው ነው የወጣችው። የወደቀችው ድንጋዩ ስላዳለጣት ነው። በቃ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም። ይኼን ሸክም ከዛሬ ጀምሮ አውርጂው። እናትሽ የእንጨት ሸክም የጣሉላት ሴቶች አሳዝነዋት ነበር፤ ያንቺን ብታይ ምን ትሆን?

ክሩ ይኼው። አምጥቼዋለሁ። ውሰጂው።

ትናንት ማታ "ጀምራልኝ የነበረ ክር ካለ ከእማ ጋር ይቀበር" ብለሻል አሉ። እሱን እንኳ እሺ አልልሽም። ያስቀመጠችው ቀን የነገረችኝን ልንገርሽ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። "ለሩታም ፀሐይ አታሳዪው ልትያት ነው?" አልኳት። "ለሷማ አልላትም" አለችኝ። "እሷ ፀሐይ ላይ ትልበሰው። ትጨፍርበት። ይልቀቅ ከፈለገ። ሲለቅ ሌላ እሠራላታለሁ።"

ሌላ እሠራላታለሁ።

ሌላ የለም ሩታ። አልዋሽሽም። ታዪ ያወጣችው ሐምራዊ ከእንግዲህ ይኼ ብቻ ነው። ይለቃል። የእናትሽ እጅ ዓይንሽ እያየ ከቀሚስሽ ላይ ይደበዝዛል። ይኼ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። ግን አትቅበሪው። ሳጥን ውስጥም አትቆልፊበት። አባትሽ ይሥራው፤ አንቺ ልበሺው። ደስ ብሏት የሠራችውን ደስ ብሎሽ ልበሺው። ለጥር አልችልም ካልሽ ይቆይሽ፤ ሰርጉም ይቆይ፤ ማንም አይቸኩልብሽም። ስትችይ ግን ልበሺው።

ቢኒያም ወንድሜ፣ ምን እልሃለሁ? አብራችሁ ነው የሠራችሁት፤ እሷ ስታቀልም አንተ ስትሸምን። አንተን የሚያጽናና ቃል ፈልጌ አጣሁ። ባገኝ ለራሴም በወሰድኩ። ቤትህ እመጣለሁ። ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ታዪ።

አሁን ላንቺ ነው የምናገረው። ብዙ አላወራም፤ ሲበዛ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ነበርሽ። እኅት አልነበረኝም፤ አንቺን ሰጠኝ። ልጆቼን ስወልድ አንቺ አረስሽኝ። አባቴ ሲሞት ከቀብር መልስ ቤቴን ጠርገሽ የጠበቅሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ሐዘኔን ለማን ነው የማወራው? በሱቄ በር ሳቅሽ ሳይሰማ እንዴት ነው የሚመሸው? አልተሰናበትንም እኮ። "እደርሳለሁ" ብለሽኝ ነው የሄድሽው። እኔም "እሺ" ነው ያልኩሽ። ሌላ ቃል አልተባባልንም።

እንግዲህ አሁን ልሰናበትሽ። ያደከመሽን ሁሉ ይቅር በዪው። ያስቀየምሽው ካለ ይቅር ብሎሻል፤ እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ወደ አምላክሽ በሰላም ግቢ። ለልጅሽ አታስቢ፤ እኔ አለሁ። ለቢኒያም አታስቢ፤ ሠፈሩ አለ። እረፊ በቃ። ደህና ሁኚ ታዪዬ። ደህና ሁኚ።

ወንድሞቼ፣ አካፋውን ትንሽ ያዙልኝ። ሩታ፣ ነይ። እጅሽን ስጪኝ። አትፍሪ፣ ይዤሻለሁ። የመጀመሪያውን አፈር አንቺና እኔ አብረን እናልብሳት።